እሜቴ ትንሽ ቀረኝ እና እንቢተኛው ፕሮቲን

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ትንሽ ቀረኝ አይጠፋም። ሰው ሁሉ ኮቱን ደርቦ በር በሩን ሲያይ እሱ ወንበሩ ላይ እንደተተከለ ነው። ምሳ ሲሉት ትንሽ ቀረኝ፣ ሰርግ ሲሉት ትንሽ ቀረኝ። ያቺ ትንሽ ግን እንደ ባሕር ውኃ ቢቀዷት አታልቅም።

በአንድ ቤተ ሙከራ ይህን ማዕረግ የያዙት አንዲት ሴት ነበሩ። ባልደረቦቻቸው በፊታቸውም በኋላቸውም እሜቴ ትንሽ ቀረኝ ይሏቸዋል፤ እሳቸውም አይቀየሙም። ሥራቸው አንድ ፕሮቲን ነው፤ አንዲት ባክቴሪያ ካልሲየም የምትጨብጥበት ፕሮቲን። የቱ ጋ ታጥፎ የቱ ጋ እንደሚጨብጥ ያየ ሰው የለም። ለማየት ፕሮቲኑን እንደ ስኳር ክሪስታል ማድረግ፣ ከዚያ በኤክስሬይ መምታት ያስፈልጋል። ፕሮቲኑ ግን እንቢ አለ። በፈሳሽ ጠብታ ውስጥ ሲያስቀምጡት አንዴ ይደፈርሳል፣ አንዴ ይዝለገለጋል። እሜቴ ጠዋት ጠዋት ማይክሮስኮፑ ላይ ሲያጎነብሱ፣ የልጇ ትኩሳት በርዶ እንደሆነ ግንባሩን የምትዳስስ እናት ይመስላሉ።

አንድ ቀን ጠብታው ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር ታየ። እሜቴ ኮሪደሩን ሙሉ ጠሩ። ሰው ተሰለፈ፣ ተጨበጨበ፣ ኬክ ተገዛ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ፣ ክሪስታሉን በቀጭን መርፌ ነካ ሲያደርጉት ቀጭ አለ። የፕሮቲን ክሪስታል ሲነኩት ፍርስርስ ይላል እንጂ ቀጭ አይልም።

«ጨው ነው» አሉ በሐዘኔታ።

እሜቴ ለፕሮቲኑ ብለው የጨመሩት ካልሲየም ፈሳሹ ውስጥ ካለው ፎስፌት ጋር ተጋብቶ ኖሯል። ኬኩ ግን ተበላ። እሜቴ ፈሳሹን ቢቀይሩም ድንጋጤው አልለቀቃቸውም፤ ከዚያ ወዲህ ካልሲየም የሚጨምሩት በቁንጣሪ ሆነ። ሰው መጥራትማ ጭራሽ ቀረ።

ሌላ ከተማ የምትኖር ታላቅ እህት አለቻቸው። በየጊዜው እየደወለች መቼ ትመጫለሽ ትላለች፤ መልሱ ይታወቃል። የመጀመሪያ ልጇን ስትድር እንኳ እሜቴ አልተገኙም። ዘመድ ሲጠይቅ፣ ትንሽ ቀርቷት ነው እያለች ስታስተባብል የዋለችው እህትየው ናት። ከዚያ በኋላ ስልኩ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ቆመ። እሜቴ መቆሙን ያስተዋሉት ከቆመ ከቆየ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ኃላፊው ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። ይህን ሥራ ዓመቱ ሲያልቅ እንደሚዘጉት፣ ማቀዝቀዣውንም ለሌሎች እንዲለቁ ነገሯቸው። እሜቴ ከፕሮቲኑ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ከእንግዲህ ምን ይመጣል ብለው ካልሲየሙን ያለ ስስት ለቀቁበት።

ለካስ ፕሮቲኑ ካልሲየም ሲጎድለው እንደተፈታ ክር የሚልፈሰፈስ ኖሯል፤ ተጠቅልሎ ቅርጽ የሚይዘው ሲጠግብ ነው። ጠብታው ውስጥ ቀጫጭን ዘንጎች በቀሉ። እሜቴ ትንፋሻቸውን ይዘው በመርፌ ነኳቸው። ቀጭ አላሉም።

ክሪስታሎቹ በረዶ ሆነው ወደ ትልቁ የኤክስሬይ ማሽን ተላኩ፤ ውጤቱ መጣ፤ ኮምፒውተሩ ሲያሰላ ሰነበተ። አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ መልኩ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ሰንሰለቱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይወርዳል፤ በየመታጠፊያው አንድ አንድ ካልሲየም ተቀምጧል።

እዚህ ላይ አንቱታውን እንተወው፤ ባዶ ኮሪደር ላይ ብቻውን ለቆመ ሰው አንቱታ ይከብዳል። ተነሥታ በሮቹን አንድ በአንድ አንኳኳች። ሁሉም ዝግ ነው። በዓለም ላይ ይህን ያየች እሷ ብቻ ነበረች፤ ደስታ መሆን የነበረበት ነገር እንደ ብርድ ገባባት። ስልኳን አወጣች።

«ማን ሞተ?» አለች እህቷ፣ ገና ስታነሣው።

«ማንም አልሞተም። አንድ ነገር አይቼ የምነግረው ሰው አጣሁ።»

እህቷ ስለ ሰርጉ የምትናገር መስሏት እሜቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቆይ፣ ልቀመጥ» አለች እህቷ። «በይ ንገሪኝ።»

ነገረቻት። እህቷ ዘንድ ፕሮቲን ማለት እንቁላል ነው፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አላቋረጠቻትም። ከዚያ ባክቴሪያዋ ይህን ሁሉ ካልሲየም ምን እንደምታደርግበት ጠየቀች።

«አላውቅም» አለች እሜቴ፤ ሳቀችም፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተሰበረ።

እህቷ ምን ሆንሽ አላለችም። «እራት እየሠራሁ ነው» አለች። «ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ። እንዳትዘጊው።»

እሜቴ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀመጠች። ውኃ ሲወርድ ሰማች፤ ክዳን ሲንኳኳ፣ ልጆች ወንበር ሲሻሙ። ከልጆቹ አንዱ ስልኩ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«አክስትህ ናት» አለች እህቷ ከሩቅ። «ድምፅህን ቀንስ፤ እዚሁ ናት።»