ጋሼ ዘካርያስ ኡማን ለቅሶ ሄዱ

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ ለቅሶ የማያመልጠው አንድ ሰው አለ። ሟች ገና ሳይገነዝ እሱ ወንበር ይደረድራል። የእኛ የካልጋሪው ሊቀ ለቀስተኞች ክቡር ጋሼ ዘካርያስ ናቸው፤ ዋይትሆርን በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ይኖራሉ። "ለቅሶ ጠሪ አይፈልግም!" ይላሉ። እውነትም ማንም ጠርቷቸው አያውቅም።

መርዶ የሚያረዱትም እሳቸው ናቸው፤ ሰው ለሥራ ሺፍቱ ሳይወጣ፣ በማለዳ። ስለዚህ ጋሼን ጠዋት በሩ ላይ ያየ ሁሉ ቀድሞ ይጮሃል። አንድ ቀን ትግስት የምትባል ልጅ ቴምፕል ሰፈር ያለው ቤቷ በር ላይ አየቻቸውና "ወይኔ እናቴን!" ብላ ወደቀች። ለካ መኪናቸው አልነሳ ብሎ የባትሪ ማስነሻ ኬብል ሊዋሱ ነው የመጡት።

የጎረቤታቸው የፈረንጁ ውሻ የሞተ ጊዜማ አይነሳ! ጋሼ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ሰውየው ሶፋ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጡ። መጀመሪያ ግራ ገባው፤ በማግስቱ ፖሊስ ልጥራ አለ፤ በመጨረሻ የውሻውን ፎቶ አውጥቶ እያሳያቸው ተንሰቀሰቀ።

ሶቭየት ከፈረሰች ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ቶሮንቶ ያለው የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ገረመው ደወለና "ሃሊና አርፋለች" አላቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው ዩክሬን፣ ኡማን በምትባል ትንሽ ከተማ እርሻ ተምረዋል፤ ሃሊና የዶርማቸው በር ጠባቂ ነበረች። አገር ቤት ያሉት እናታቸው ሲሞቱ ጋሼ ሄደው መቅበር አልቻሉም። ያኔ ቤቷ ወስዳ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጣ ያስተዛዘነቻቸው እሷ ናት።

"እሄዳለሁ" አሉ።

"የት?" አልኳቸው፤ ቤታቸው ቡና ልጠጣ ገብቼ ነበር።

"ለቅሶ ነዋ!"

"ዩክሬን?!" ብዬ ጮህኩ። ባለቤታቸው እትዬ ተናኘ ግን የባሰ አስደነገጡኝ። "ለቀስተኛ ብቻውን አይሄድም። አንተ ከሥራ ሌይኦፍ ተደርገህ የለ? አብረህ ሂድ" አሉና አረፉት።

ኡማን በጠዋት ደረስን። "ዓይኔን ጨፍኜ እወስድሃለሁ" አሉኝ ጋሼ። ምናለ ገልጠው በወሰዱኝ! የመንገዱ ስም ተቀይሯል። ዳቦ ቤቱ ባንክ ሆኗል፤ ፋብሪካው ተዘግቷል። ጡረተኞች መንገድ ዳር ጨርቅ ዘርግተው ሜዳሊያቸውንና የቤታቸውን ሹካ ይሸጣሉ። ጋሼ ክው ብለው ቀሩ። "እነዚህ እኮ ኩሩ ሰዎች ነበሩ" ይሉኛል እየደጋገሙ። አሮጊቶቹ በበኩላቸው ጥቁር ሱፍ የለበስን ሁለት ሐበሾች ስንመጣ እያዩ ያማትባሉ። ስንዞር ዋልን፤ እግሬ ነደደ።

ወደ አመሻሽ ላይ አንድ በር አጠገብ የሬሳ ሣጥን ክዳን ቆሞ አዩ፤ እዚያ አገር ለቅሶ ቤት የሚታወቀው በዚህ ነው። "ይኸው! ሰፈሩም ይሄ ነው!" ብለው ዘው አሉ። "ወይኔ ሃሊናዬ! ወይኔ እናቴ!" ደረታቸውን እየደቁ ሬሳው እግር ሥር ተደፉ። እኔ ቀና ብዬ ሳይ፣ ኧረ በስመ አብ! ሟቹ ሪዛም ሽማግሌ ነው።

"ጋሼ፣ ወንድ ነው!" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ዝም በል! የተጀመረ ለቅሶ አይቋረጥም" አሉና ለሰውየው ቀጠሉለት። ቤተዘመዱ ቀስ በቀስ አብሯቸው ያለቅስ ጀመር። ሚስቱ አቅፋ ሳመቻቸው። ባሏን ይህን ያህል የሚወደው ሰው እንዳለ አታውቅም ነበር።

ሲረጋጉ ስለ ሃሊና ጠየቋት። መልሷን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"ምን አለች?"

"አጥሩን ዞራችሁ ግቡ፣ አሁን ዱባ ስትቆርጥ ነበር አለች።"

በሩን የከፈተችልን ቢላ የያዘች የሰማንያ ዓመት አሮጊት ናት። "ዛኻር!" ብላ ጋሼን በአገሯ አጠራር ጠርታ እላያቸው ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ጥቁር ልብሳቸውን አየችና አንድ ነገር ጠየቀች። ማን ሞቶብህ ነው ማለቷ እንደሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ጋሼ መዋሸት አይችሉበትም፤ ጣታቸውን ወደ እሷ ቀሰሩ።

በድንጋጤ መግቢያ አጣሁ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ልጅ የላትም፤ ጎረቤቱም ሥራ ፍለጋ እየለቀቀ ነው። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀመጠችና ተናገረች። ጋሼ ተረጎሙልኝ።

"የእውነት ስሞት ይህን መንገድ ዳግመኛ አትመጣም። አሁን ከመጣህ አልቅስልኝ፤ ልስማው አለች።"

ሊቀ ለቀስተኞች አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ የለም። ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ራሳቸውን ጉልበቷ ላይ ጥለው፣ አማርኛ እንደማትሰማ ረስተው "አልችልም እማዬ፣ አለሽ እኮ! አለሽ እኮ!" ይሏታል። እኚህን ሰውዬ እንደዚያን ሰዓት ወድጃቸው አላውቅም።

እሷ አሁንም ትጠብቃለች። ምን ላድርግ? "ወይኔ ሃሊና! ወይኔ እናቴ!" ብዬ ያለቀስኩላት እኔ ነኝ። ይበቃል፣ አይዞህ ብላ ትከሻዬን የያዘችኝም ሟቿ ራሷ ናት።