የላፕቶፕ ትኩሳት ተከላካይ ዐቢይ ኮሚቴ

ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች የቆሙት በሕግና በደንብ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የእኛን መሥሪያ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ለነዋሪው የንግድና የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል ተብሎ የሚታመነው ይህ አንጋፋ ተቋም የቆመው በአንድ ላፕቶፕ ሙቀት ላይ ነው። ላፕቶፑ ሲግል ሥራ ይሠራል፤ ላፕቶፑ ሲቀዘቅዝ ሥራ ይቆማል። ይህን የተፈጥሮ ሕግ ለመቀልበስ ወገባቸውን ታጥቀው የተነሡ ጀግኖች ገድል ሳይጻፍ እንዳይቀር ስለሰጋሁ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከተቻለህ ተነሥተህ ቁም፤ ካልተቻለህም ቢያንስ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ።

ዋና ኃላፊያችን ሥራ ወዳድ ናቸው። ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ይገባሉ፤ ማታ ከሁሉም ኋላ ይወጣሉ። ምሳቸውን እንኳ የሚበሉት በአንድ እጃቸው ነው፤ ሌላኛው ማውሱ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ «ለስልታዊ ዕቅድ ዝግጅት» ብሎ በገዛላቸው ላፕቶፕ የጦርነት ጨዋታ ይጫወታሉ። ታንክ ያዘምታሉ፣ ምሽግ ይሰብራሉ፣ ከተማ ይከብባሉ። ተኩሱ የተዘጋውን በር አልፎ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። የበሩ ጥበቃ በተቀጠረበት ቀን ሰምቶት መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ አሁን ለምዶት «ዛሬ ደግሞ መድፍ ጨምረዋል» እያለ ጥርሱን ይፍቃል።

ላፕቶፑ ግን የኃላፊውን ወኔ አልታደለም። ጥቂት እንደተዋጋ ትንፋሽ ያጥረዋል። ውስጡ ያለችው ሚጢጢ ማራገቢያ ሊነሣ እንደሚያኮበኩብ አውሮፕላን ታጓራለች፤ ሆዱ እጅ አያስነካም፤ በመጨረሻም፣ አብዛኛውን ጊዜ ኃላፊው ሊያሸንፉ አንድ ሐሙስ ሲቀራቸው፣ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

መሥሪያ ቤታችን የሚከፈተው ያኔ ነው። ኃላፊው ጠላት ያጣሉ። ግራ ቀኝ ያያሉ። ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት መኖሩን እንደ አዲስ ያስተውሉና ደወል ይጫናሉ።

«ባለጉዳይ አለ እንዴ?» ይላሉ፣ ከልባቸው።

አለ እንዴ! ኮሪደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባለጉዳይ ነው። ላፕቶፑ ቀዝቅዞ እስኪነሣ ድረስ ኃላፊው ይፈርማሉ፤ አፈራረማቸውም እንደ አዋጋጋቸው ነው፤ ማንበብ የለ፣ ማመንታት የለ፣ ወደፊት ብቻ።

ይህን ሥርዓት የምታስተናብረው ጸሐፊያቸው ናት። ጆሮዋን በሩ ላይ ጥላ ትተይባለች፤ ማራገቢያዋ ማጓራት ስትጀምር ለተሰለፈው ሕዝብ ታበሥራለች።

«ተዘጋጁ፤ እያጓራ ነው።»

«ከትናንቱ ይበልጣል፣ የኔ ልጅ?» ትላለች ዳቦ ጋጋሪዋ። አዲስ ዳቦ ቤት ልትከፍት ፈቃድ የምትጠብቅ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት።

«ይበልጣል እትዬ። ዛሬ ከተማ እየከበቡ ነው።»

«ይክበቡ! ጎረቤቱንም ጨምረው ይክበቡ! የኔ ምድጃ እንዲህ በቶሎ ቢግልልኝ ኖሮ እዚህ ምን አቆመኝ?»

«በባሕር ኃይል ሲዘምቱ ነው ጥሩ» ይላል ከኋላዋ ያለው ግንበኛ፣ እንደ አዋቂ። «ባለፈው መርከብ ያሰማሩ ዕለት ቁጭ ብዬ እንኳ ሳልጨርስ ጠፋ። ውኃ ሲያይ ይብስበታል መሰለኝ።»

እንዲህ ተከባብረንና ተሳስበን በምንኖርበት ወቅት ጸሐፊዋ ራሷ ባለጉዳይ ሆነች። የሚመጣው እሑድ ሰርጓ ነው። የዓመት ፈቃድ ማመልከቻዋን ጽፋ ከወረቀቱ ክምር አናት ላይ አስቀምጣለች። የኃላፊው ፊርማ ካላረፈበት ግን ሰኞ ከሥራ ገበታዋ ብትቀር ትባረራለች፤ ደንባችን ለባለጉዳይ ቢያንቀላፋም ለሠራተኛ ንቁ ነው። ሙሽራው መምህር ነው፤ ያውም ገና ጀማሪ። እሷ ከሥራ ከወጣች የተከራዩትን ቤት ሳይገቡበት ሊለቁት ነው።

«አንድ ጊዜ ይጥፋልኝ እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» ትል ነበር።

ታሪክ ግን ይበልን አስነሣባት።

ይበል የዕቅድ ክፍል ኃላፊያችን ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ዋና ኃላፊው በተናገሩ ቁጥር «ይበል!» ስለሚል ግን ሌላ ስም የሚያስታውስለት የለም። የዚያን ሳምንት መጀመሪያ፣ ላፕቶፑ ድርግም ባለበት ቅጽበት፣ ኃላፊው ጩኸታቸውን ሲለቁት ይበል በሩን በርግዶ ገባ።

«ጌታዬ! ምን ሆኑ?»

«ሦስተኛው ጦሬ ተከቦ እያለ ጠፋብኝ!»

«ይበል!» አለ ከልማዱ። ወዲያው ደነገጠና «ማለቴ… ያሳዝናል። ይህማ በተቋማችን ላይ የተቃጣ ነው» ሲል አስተካከለ።

ከሰዓት በኋላ «የላፕቶፕ ትኩሳት ተከላካይ ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢው ይበል ነው። በመክፈቻ ንግግሩ የሙቀቱ መንስኤ ዘርፈ ብዙ መሆኑን፣ ችግሩ በዘመቻ ሳይሆን በተቀናጀ አሠራር እንደሚፈታ፣ ኮሚቴውም ላፕቶፑን ሳይነካ ከሥር መሠረቱ እንደሚያቀዘቅዘው አረጋገጠ። ተጨበጨበ። አንድ አባል «መንስኤው ጨዋታው ይሆን?» ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የስብሰባው ዓይን ሁሉ ሲዞርበት አዛጋና ዘጋው።

የኮሚቴው የመጀመሪያ እርምጃ የክብር እርምጃ ነበር። እንዲህ ያለ ከፍተኛ ኃላፊነት የተሸከመ ዕቃ በደረቅ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ ነውር ነው ተባለና ይበል ከቤቱ ወፍራም የከፋይ ትራስ አምጥቶ ላፕቶፑን በላዩ አነገሠው። የላፕቶፑ መተንፈሻ ከሆዱ ሥር ነው። ትራሱ አፍኖ ያዘው። በማግሥቱ ገና ታንኩ ከግቢ ሳይወጣ ጠፋ፤ ሲነሣ ጠፋ፤ እንደገና ሲነሣ እንደገና ጠፋ። በዚያች አንዲት ጠዋት የተፈረመው ፈቃድ ከዚያ በፊት ወር ሙሉ ተፈርሞ አያውቅም! ሰልፉ ግማሽ በግማሽ ጎደለ። ተራዋ የቀረበላት ዳቦ ጋጋሪ ይበልን ኮሪደር ላይ አግኝታ ጉንጩን ሳመችው፤ እሱም ሥራው በሕዝብ ዘንድ መወደዱን በሪፖርቱ አካተተ።

የጸሐፊዋ ማመልከቻ ግን አልተፈረመም። ኃላፊው ክምሩን ሲጎትቱ ከላይ የነበረው ወረቀት ተንሸራቶ ከሥር ገብቷል። እሷ ልታስተካክል ስትገባ እሳቸው ትዕግሥታቸው አልቆ ቴክኒሻን እያስጠሩ ነበር።

ቴክኒሻኑ ላፕቶፑን አነሣ፣ ትራሱን ዳበሰ፣ ይበልን አየ።

«ትራስ ላይ ያስቀመጠው ማነው?»

«ኮሚቴ ነው» አለ ይበል።

«ምንድነው የሚሠሩበት?»

«ዕቅድ።»

«ዕቅድ እንዲህ አያግለውም፣ ወንድሜ።»

«የእኛ ዕቅድ ከባድ ነው።»

ቴክኒሻኑ ስክሪኑን አየና «ዕቅዱ ውስጥ ታንክ አለ እንዴ?» አለ።

«የረጅም ጊዜ ዕቅድ ነው» አለ ይበል፣ ፊቱን ሳያጥፍ።

ቴክኒሻኑ ሁለት ነገር መክሮ ሄደ፤ ጨዋታው ይቅር፣ ትራሱ ይነሣ። ኮሚቴው በምክሩ ላይ በጥልቀት ከመከረ በኋላ ቃለ ጉባኤ ያዘ። የመጀመሪያው ምክር ኮሚቴውን አይመለከትም። ሁለተኛው ተቀባይነት አግኝቷል፤ ነገር ግን የሰብሳቢው ትራስ ከክብሩ ዝቅ እንዳይል ከላፕቶፑ ሥር ተነሥቶ ከኃላፊው ሥር ይደረግ። ተደረገ። ኃላፊውም ከወንበራቸው የሚያስነሣቸው የነበረው አንድ የወገብ ሕመም ነበር፤ እሱም ተቀረፈ።

ከዚያ በኋላ ነው ኮሚቴው ክንዱን ያሳየው። የባለጉዳይ መጠበቂያው ሁለት ቬንቲሌተሮች ተነቅለው በላፕቶፑ ግራና ቀኝ እንደ ዘበኛ ቆሙ። መዝገብ ቤቱ እንዳይሻግት የተገጠመው ኤሲ ተነቅሎ ኃላፊው ክፍል ተገጠመ። መስኮቱ ተደፈነ፣ መጋረጃው ተደረበ። ኮሪደሩ ላይ ሕዝቡ ላቡን ይጠርጋል፤ ውስጥ ኃላፊው ካፖርት ደርበው፣ የሱፍ ጓንታቸውን ጣቶች በመቀስ አስቆርጠው ይዋጋሉ። ላፕቶፑ እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ። ማራገቢያዋ ድምፅዋ ጠፋ። ይበል ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ አፍንጫው ቀልቶ፣ ለሕዝቡ መግለጫ ሰጠ።

«በተደረገው ርብርብ የመጥፋት አደጋ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል! ከእንግዲህ ክቡር ኃላፊያችን ያለ አንዳች መቆራረጥ ይሠራሉ!»

ከሰልፉ አንዲት ሴት አለቀሰች። ይበል የደስታ ዕንባ መሆኑን በሪፖርቱ ጻፈ።

ዐርብ ደረሰ። ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። ጸሐፊዋ ጆሮዋን በሩ ላይ ብትለጥፍ የሚሰማት ተኩስ ብቻ ነው።

«መብራቱን አጥፊባቸው» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ በሹክሹክታ። የእሷ ሹክሹክታ ሁለተኛ ፎቅ ይሰማል።

«ኮሚቴው ጄነሬተር አስገብቷል፣ እትዬ።»

«አይ እነዚህ ሰዎች! ለክፋት ሲሆን እንዴት ያስባሉ!»

ጸሐፊዋ ማመልከቻውን ይዛ ገባች። ብርዱ ጥርሷን አንገጫገጨው።

«ጌታዬ፣ አንድ ፊርማ ብቻ።»

«ድልድዩን ልይዝ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

«የዓመት ፈቃዴ ነው። እሑድ ሰርጌ ነው።»

«እንኳን ደስ ያለሽ። ከማን ወገን ነው?»

«መምህር ነው፣ ጌታዬ።»

«እግረኛ ጦር ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ጽኑ ናቸው። ድልድዩን ስይዝ እፈርምልሻለሁ፤ ውጪ ቆዪኝ።»

ቆየች። ቢሮው እስኪዘጋ ቆየች። ድልድዩ አልተያዘም። ስትወጣ ዳቦ ጋጋሪዋ በሩ ላይ አገኘቻት፤ ዓይኗን አይታ ነገሩን ሳትነግራት አወቀች።

«ልጄ፣ ባልሽን የምታገቢው በማመልከቻ ነው እንዴ?»

«ከሥራ ያባርሩኛል፣ እትዬ።»

«ለማባረርም እኮ ፊርማ ያስፈልጋል» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

ጸሐፊዋ ይህን የሕግ ምክር ይዛ ሄደች። እሑድ ተዳረች። ሰኞ አልገባችም፤ ማክሰኞም አልገባችም። በጫጉላዋ መሐል ሌሊት እየባነነች «መባረሪያዬ ደርሷል?» ትል ነበር አሉ፤ ባሏም ምስኪን፣ ተነሥቶ በር ከፍቶ ያያል። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛው ሲጋመስ ጭንቀቱ ጨዋታዋን ሁሉ ስለወሰደባት «ሄጄ ይቁረጥልኝ» ብላ ተነሣች።

መሥሪያ ቤቱ ስትደርስ ኮሪደሩ ባዶ ነው። አንድም ባለጉዳይ የለም።

«የት ሄዱ?» አለችው ጥበቃውን።

«ዳቦ ጋጋሪዋ ዳቦ ቤቷን ከፈተች። ፈቃድሽ የታለ ብሎ የሚመጣው የኛው ተቆጣጣሪ ነበር፤ እሱ ደግሞ የመውጫ ደብዳቤ የሚፈርምለት አጥቶ ቢሮ ተቀምጧል። ሌላው ይህን አየና ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ። ግንበኛውማ ጣሪያ እየመታ ነው።»

«ይበልስ?»

«ባለጉዳይ አለቀ፣ ቅሬታ ዜሮ ሆነ ብሎ ሪፖርት አቀረበና ተሸለመ። አሁን ለልምድ ልውውጥ በረዶ ፋብሪካ ሄዷል።»

ጸሐፊዋ በሩን ከፈተች። ኃላፊው በካፖርታቸው ውስጥ ሰምጠዋል። ጺማቸው አድጓል። ላፕቶፑ ጸጥ ብሎ፣ እንደ ሐውልት ቀዝቅዞ ይዋጋል።

«ጌታዬ… መጣሁ።»

«አየሁሽ» አሉ፣ ስክሪኑን እያዩ። «ቆዪ አላልኩሽም እንዴ?»

«ስለ ፈቃዱ ነበር፣ ጌታዬ። ያው እኔ…»

«ድልድዩን ልይዝ ትንሽ ነው የቀረኝ! እንዲህ እየገባሽ እየወጣሽ ሐሳቤን ትበትኚያለሽ። ሰርግሽ እሑድ አይደል?»

ጸሐፊዋ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት አየች። ከዚያ ኃላፊውን አየች።

«አዎ፣ ጌታዬ። እሑድ ነው።»

«ታዲያ ምን ያጣድፍሻል? የዛሬ ልጆች ትዕግሥት ብሎ ነገር አልፈጠረባችሁም። ውጪ ሆነሽ ጠብቂ።»

«እሺ ጌታዬ፤ እጠብቃለሁ» አለች። ብርዱ እንዳይወጣባቸው በሩን በደንብ ዘጋችላቸውና ልትጠብቅ ወደ ባሏ ሄደች።