ደም መጣጩን ማን በላው?

ትናንት ከቀትር በኋላ ጋደም ባልኩበት በሕልሜ ደም መጣጮች አገር ገባሁ።

በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት ደም መጣጮቹ ናቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው ደም ለመስጠት ተራ ይጠብቃሉ። ሰዎች ደግሞ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው በብርጭቆ ይቀበላሉ። አንዷ ሴትዮ ቀመስ አደረገችና፣ «ይሄ ቀጥኗል፤ ነገ በልተህ ና» ብላ አንዱን መለሰችው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ጥላ የፈለገ ግን የለም። የሚፈሩት ጨለማን ነው አሉኝ። ሲጨልም ሰው ይወጣል።

ዘበኛው አስቆመኝ።

«አፍህን ክፈት። ሰፋ አድርገው እንጂ!»

ከፈትኩ። ጥርሴን በጣቱ ነካካና ወደ ጓደኛው ዞረ።

«ምንም የለውም እኮ። በምኑ ነው የሚበሉት?»

«በዓይናቸው ነው ይባላል» አለ ጓደኛው፤ ቶሎ ብሎም ፊቱን አዞረ።

እኔ አልፈራሁም። ሩማንያ፣ ቡካሬስት አምስት ዓመት የተቀመጥኩት እነዚህኑ ላጠና ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ በልብ ወለድ ውስጥ ስላሉት ደም መጣጮችና መጀመሪያ ከየት እንደመጡ ነበር። አገሬ ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። «ይሄ ትምህርት ለምን ይሆናል?» ብሎ የጠየቀኝ ሁሉ እስካሁን መልስ አላገኘም፤ እኔም አላገኘሁም። አሁን ግን ተራዬ የደረሰ መሰለኝ።

ሳልራመድ ግንብ ውስጥ ነበርኩ። የግንቡ ጌታ አንድ መስፍን ነው፤ ቀጭን፣ ነጭ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚወርድ ጥቁር ካባ የለበሰ። ሕፃናት ዙሪያውን ኮልኩሎ መጽሐፍ ያነብላቸዋል።

«ሰውዬው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል» እያለ ያነባል። «ሲመሽ ይዘረርና ይተኛል። ሲነጋ ተነሥቶ መስታወት ፊት ይቆማል። መስታወቱ ውስጥም... ራሱ አለ!»

ልጆቹ ጮሁ፤ እነሱን መስታወት አያሳያቸውም። አንዲቷ ሕፃን አንገቷ ላይ ያለውን ክታብ ጭብጥ አደረገች። ክታቡ የሰው መንጋጋ ነው። አንዲት እናት የሚያለቅስ ልጇን፣ «ዝም በል፣ ሰው መጣልህ!» አለችና እኔን አይታ አፈረች።

ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። መስፍኑን በምንም አይመስልም። ፊቱ ቀልቷል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ የለበሰው አፈር የነካው መግነዝ ነው። በእጁ ጠራኝ።

«ስለኛ የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባት።»

«ስለ እኔ ስንት ገጽ ጻፍክ?»

«አንድ ተኩል።»

«ስለዚያ ስለ ባለካባውስ?»

«መቶ አሥር» አልኩ። ደነገጥኩ፤ እንዲህ ስናገረው ያስነውራል።

ሽማግሌው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እሱ የልጅ ልጄ ነው፤ ከወረቀት የተወለደ። እኔ ግንብም ካባም አልነበረኝም፤ ሁለት በግ ነበረኝ። ክረምት ላይ ሳል ያዘኝና ሞትኩ። ከዚያ ሚስቴ ሳለች። ከዚያ ጎረቤቴ ሳለ። ሳል ከሰው ወደ ሰው እንደሚሄድ ማን ያውቃል? እሱ ነው ከመቃብር እየወጣ የሚጠባቸው አሉ። ቆፈሩኝ። ሆዴ ተነፍቷል፣ ከንፈሬ ላይ ደም አለ። ሬሳ ሁሉ እንዲያ ነው፤ ቆፍሮ ያየ ስለሌለ ነው እንጂ። ‹አያችሁ፣ ወፍሯል!› አሉና ደረቴ ላይ እንጨት ቸከሉብኝ።»

«ሐኪም አልነበረም?»

«ቄስ ነበር። እሱም ይስል ነበር።» መግነዙን ሰብሰብ አደረገ። «ከዚያ የከተማ ጸሐፊዎች ወሬዬን ሰሙት። አቀጠኑኝ፣ አነጡኝ፣ ሐር አለበሱኝ። ገበሬ ማንን ያስፈራል?»

«መጀመሪያ ስምዎን የጠራው ማን ነበር?»

«ወንድሜ። ታሞ ነበር፤ አንድ ስም ስጠን ብለው ከበቡት።»

ሌላ ልጠይቀው አፌን ስከፍት መስፍኑ ከወንበሩ ወደቀ። ጥርሱ ገጠመ፣ ዓይኑ ተገለበጠ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ።

«ተበላ! ጌታችንን ሰው በላብን!»

የግንቡን ቁልፎች በወገቧ ያንጠለጠለች ወፍራም ሴትዮ ሰዉን ገፍታ መጣች፤ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። እንዴት ገረመኝ! ይህ የኛው አገር ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ቡዳ በላው የተባለ በሽተኛ እንዲህ ሲያሸትቱት የበላው ቡዳ በገዛ አፉ ይለፈልፋል፣ ስሙን ይናገራል። ስሙ የተጠራው ሰው ተይዞ ይመጣና በሽተኛው ላይ እንትፍ ይልበታል። በሽተኛው ይድናል። ያ ሰው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ቡዳ ነው፤ ልጆቹም እንደዚያው።

«ማን ነህ? ተናገር!» አለች ባለቁልፏ።

መስፍኑ በኔ ድምፅ፣ በኔ ስም መለሰ። «ልየው ነኝ! ልየው ነኝ!»

«የት አገኘኸው?»

«ቤተ መጻሕፍት! ብቻውን ተቀምጦ ነበር!»

«ምን ያህሉን በላኸው?»

«መቶ አሥር ገጽ!»

አዳራሹ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ባለቁልፏ በክንዴ ይዛ ጎተተችኝ።

«በል፣ እንትፍ በልበት።»

«እመቤት፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ተምሬዋለሁ።»

«ከሌለማ እንትፍ ማለት ምን ይከብድሃል?»

ብተፋ በላተኛ ነኝ። ባልተፋ ደግሞ ከኋላዬ ሁለት ጎረምሶች የባሕር ዛፍ ግንድ ያሾላሉ፤ ፍቅፋቂው እግሬ ላይ ይወድቃል።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ።

«እሺ ማን ነው? አንድ ስም ስጠን፣ እንለቅሃለን።»

ሽማግሌው ከጥጉ ሆኖ አትስጥ በሚል ራሱን ነቀነቀ። አየሁት። እያየሁት ስም ፈለግሁ። ያሰብኩት ሰው ሁሉ ወገን አለው፤ የሚሟገትለት ወንድም፣ የሚጮህለት ሰፈር። ወገን የሌለው አንድ ሰው ብቻ ትዝ አለኝ፤ ከአክስቴ ቤት ጀርባ ያለው ብረት ሠሪው አያ ቢሻው። ሰፈሩ ማረሻውን ለሱ ይሰጣል፣ ከቤቱ ግን ውኃ አይጠጣም። ከተመለስኩ ወዲህ ስለ ትምህርቴ እስከ መጨረሻው ያዳመጠኝም እሱ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጮህኩ።

«ቢሻው ነው! የበላው ቢሻው ነው!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ነቃሁ።

እልልታው አልቆመም። አክስቴ እናኑ ከራስጌዬ ተንበርክካለች። ወባ ከጣለኝ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ የተወቀጠ ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥራ አፍንጫዬ ሥር ይዛልኛለች። ቤቱ ጎረቤት በጎረቤት ሆኗል።

«ተናገረ! እሰይ፣ በገዛ አፉ ተናገረ!»

«እቴቴ፣ ወባ ነው። ሕልም አይቼ ነው።»

«ሰማችሁት? ሊደበቅ!» አለችና ወደኔ ጎንበስ ብላ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በማላውቀው ቁጣ፣ «ዝም በል፣ አንተ ቢሻው! ልጄን ልቀቅ!» አለችኝ።

«እኔ ልየው ነኝ!»

«ስሙንም በላው እኮ» አለች አንዷ ጎረቤት፤ አዘነችልኝ።

ከጀርባ ሲወርድ የነበረው የመዶሻ ድምፅ ቀጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ አያ ቢሻው በሁለት ጎረምሶች መሐል ሆኖ ገባ። የቆዳ ሽርጡን አላወለቀም። ሰዉ ልብሱ እንዳይነካው ገለል ገለል አለለት። ማንንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገና ጎንበስ አለ።

«አያ ቢሻው፣ አይትፉ» አልኩት። «ካልተፉ ምንም አያደርጉዎትም።»

«እሱን ለኔ ተወው» አለ በቀስታ። «ስድስተኛዬ ነህ።»

ግንባሬ ላይ እንትፍ አለ። ወዲያው ከጀርባዬ ላብ ይንቆረቆር ጀመር። ወባ ሲለቅ እንዲህ ነው፤ የሚለቅበት ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ፣ አምላኬ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ ትኩሳቱ አይልቀቀኝ ብዬ ለመንኩ።

አክስቴ እጇን ግንባሬ ላይ አሳረፈች።

«በረደ!» አለች።