ቢዝነስ ላይ ያሉት አጎቴ

በእያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ «ቢዝነስ» የሚሠራ አንድ ሰው አለ፤ ቢዝነሱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አንድም የለም። በእኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የተሸከሙት አጎቴ ናቸው። የሰፈሩ ሰው «ሥራ አስኪያጁ» ይላቸዋል፤ ምን እንደሚያስኬዱ ጠይቆ አያውቅም።

ክቡር ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጫማቸውን ወልውለው፣ እጀታው በሲባጎ የታሰረ ጥቁር ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ይወጣሉ። ስልክ ሲደወልላቸው «ቢዝነስ ላይ ነኝ» ይላሉ። ሠርግ ላይ ሲዘገዩ «ቢዝነስ ይዞኝ ነው» ነው፤ የተጣሉ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ውለው ሲገቡ «ከባድ ቢዝነስ ነበር»፤ አከራያችን ነገር ሲያበዙ «ይሄ የእርስዎ ቢዝነስ አይደለም»። አንድ ቀን ወንበር ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያንቀላፉ ደረስኩባቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ቢዝነስ እያሰብኩ ነው» አሉኝ።

እኔ ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንደኛ ሆኜ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ትርጉሙ ያልታወቀ ቃል ቤቴ ውስጥ ሲመላለስ ዝም ብዬ አላይም። መዝገበ ቃላት አውጥቼ ፈለግኩት። ንግድ፣ ድርጅት፣ ሙያ፣ ጉዳይ፣ የግል ነገር፤ ስምንት ትርጉም በተራ ቁጥር ተደርድሯል። በማስመሪያ ሠንጠረዥ ሠርቼ አጎቴን ከአንዱ ለማስገባት ታገልኩ። ነጋዴ እንዳልላቸው የሚሸጡት ነገር የለም፤ ባለ ድርጅት እንዳልላቸው የሚቆለፍ በር የላቸውም። ሠንጠረዡ ባዶውን ቀረ።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው ለሕግ ትምህርት ነጻ ዕድል ተመርጬ ቅጽ ስሞላ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸውና «የአሳዳጊ ሥራ» በሚለው ሣጥን ውስጥ የነገሩኝን ቃል አሰፈርኩ። ቅጹን የምትቀበለው የክፍለ ከተማችን መዝገብ ክፍል ሠራተኛ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ቆፍጣና ሴት፣ ቅጹን ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ።

«ቢዝነስ ሥራ አይደለም። ምን ዓይነት?»

በሕይወቴ ወረቀት ተመልሶብኝ አያውቅም ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ። በሦስተኛው፣ «አርብ እስከ ስድስት ሰዓት አሳዳጊሽ ራሳቸው መጥተው ይጻፉና ይፈርሙ፤ ካለዚያ ዕድሉ ለተጠባባቂ ያልፋል» አለች።

እራት ላይ አጎቴን አፋጠጥኳቸው።

«ጋሼ፣ ጉዳይ አስፈጻሚ ብዬ ልጻፍ?»

«ጉዳይ አስፈጻሚ ጉዳዩን ይዞ ይሮጣል። እኔ ከባለጉዳዩ ጋር ቁጭ ነው የምለው።»

«ቁጭ ብለው ምን ይሠራሉ?»

«ቢዝነስ ነዋ» አሉና ወደ ሳህናቸው ተመለሱ።

አርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በመዝገብ ክፍሉ ደጅ ብቻዬን ቆሜያለሁ። ደወልኩ። «ቢዝነስ ላይ ነኝ፤ ወደ ግራሽ ዙሪ» አሉኝ። ከዚያው ኮሪደር ማዶ ጫፍ፣ ጡረታ ክፍሉ ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀምጠዋል። እየሮጥኩ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ የቀረን ግማሽ ሰዓት ነው። ይነሡ እንጂ።»

«እኚህ እናት ሳይጠሩ አልነሣም።»

«ሲጠሩ ይገባሉ፤ እግር አላቸው።»

«እግር ስላላቸው እኮ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁለት ጊዜ ተጠርተው ሁለት ጊዜ ሸሽተዋል። የዛሬው የመጨረሻ ቀጠሯቸው ነው።»

«እውነቱን ነው» አሉ አሮጊቷ። «ቢሮ ሳይ መውጫ በሩን ነው የምፈልገው።»

እንባዬ መጣ፤ ኩራቴ መለሰው። «እሺ፣ እኔ ልቀመጥልዎት» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛ እንደሚቀጥር ሰው ከራሴ እስከ እግሬ መረመሩኝ። ከዚያ ቦርሳቸውን ጭኔ ላይ አኑረው ሄዱ።

አሮጊቷ ከዩኒፎርም ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። እኔም መብታቸውን ማስረዳት ጀመርኩ፤ አንቀጽ ጠቅሼ፣ ንዑስ አንቀጽ ጨምሬ። ሻሻቸውን አጥብቀው ብድግ አሉ።

«ልሂድ መሰለኝ፣ ልጄ።»

አሥራ ሁለት ዓመት አንደኛ የወጣ ጭንቅላቴ አንድ ቃል አላቀብል አለኝ። ቦርሳውን ከፈትኩት። ቁጥራቸው የተለያየ ሦስት የማንበቢያ መነጽሮች፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ጥቂት ከረሜላ፣ የክር ጥቅል ላይ የተሰካ መርፌ።

«እማማ፣ ከመሄድዎ በፊት ይቺን የቀሚሴን ጠርዝ ይዩልኝ። ተተርትራ አሳፈረችኝ።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «ማነው ይሄን የሰፋው?» አሉ በንቀት፣ ተመልሰው እየተቀመጡ። ከመነጽሮቹ አንዱን መርጠው ክሩን በአንድ ጊዜ አስገቡ።

ቀና ስል የመዝገብ ክፍሏ ሴት በበሯ አንገቷን አስግጋ ወደ እኛ ትመለከታለች። ተመልሳ ገባች። አበቃልኝ አልኩ። ወዲያው የአሮጊቷ ስም ተጠራ። እጃቸው ቆመ። አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው፤ አንቀጽ አልጠቀስኩም። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና መነጽሩን እንዳደረጉ ገቡ።

አጎቴ የተመለሱት ለስድስት ሁለት ደቂቃ ሲቀር ነው።

«ገቡ?»

«ገቡ። እርስዎስ?»

«ፈረምኩ። ማኅተምም ተመታበት።»

«ምን ብለው ጻፉ?»

«ቢዝነስ።»

«ዝም ብላ ተቀበለችዎት?»

«ምን ዝም ትላለች። ‹ቢዝነስ ካለዎት አሁን ማን ይዞልዎት ነው እዚህ የቆሙት?› አለችኝ። ‹የእህቴ ልጅ፣ ይውጡና ይመልከቷት› አልኳት። ወጥታ አየችሽ። ‹ሠራተኛ ካለዎትማ› አለችና ማኅተሙን መታችበት።»

ቦርሳውን ልመልስላቸው ብዘረጋ አልተቀበሉኝም።

«ያዢው ትንሽ። እኚያ እናት ሲወጡ የሚያውቁት ፊት ይፈልጋሉ።»

አጠገቤ ተቀመጡ። እኔም ጠርዙ እስከ ግማሽ በተሰፋ ቀሚሴ ቦርሳውን ታቅፌ በሩን መጠበቅ ጀመርኩ። ስልኬ ጠራ፤ የክፍል ጓደኛዬ ናት፣ ውጤቱን ልትሰማ ቸኩላለች። በኋላ እደውልልሻለሁ፣ አሁን ቢዝነስ ላይ ነኝ አልኳት።