በአንድ ወገን ብቻ የሚያሳይ መስኮት

(ሃያ ሁለት አካባቢ፣ የ1989 ክረምት። የገሰሰ ልብስ ስፌት ቤት መስኮት መስታወት የሚመስል ላስቲክ ተለጥፎበታል። ቀኑ ስለደመነ መብራት በርቷል። ጉዲና ሱሪ ይተኩሳል። ገሰሰ ሜትር በአንገቱ እንዳንጠለጠለ መስኮቱ ፊት ተንበርክኳል።)

ጉዲና፦ ተነስ እንጂ! ሰው ያየናል እኮ!

ገሰሰ፦ አያየንም አልኩህ! ይሄ ላስቲክ ብርሃን የሚያሳልፈው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ከውጭ መስታወት፣ ከውስጥ መስኮት!

ጉዲና፦ እኔ ግን በአጥር ቀዳዳ ጎረቤቴን ካየሁት፣ እሱም ያየኛል።

ገሰሰ፦ አጥርና ሳይንስ አንድ ነው? እኔ እኮ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የተማርኩ ሰው ነኝ! አንድ ሴሚስተር።

ጉዲና፦ ለምን ተውከው?

ገሰሰ፦ እሱ ነው የተወኝ። ዝም በል፣ ዕፀገነት መጣች!

ጉዲና፦ የፋርማሲዋ?

ገሰሰ፦ ሌላ ማን አለኝ! ሁሌ እዚህ ቆማ ፀጉሯን ታስተካክላለች። ቅዳሜ ተዛውራ ደሴ ልትሄድ ነው። ዛሬ ካልነገርኳት አለቀልኝ!

ጉዲና፦ ታዲያ ወጥተህ ንገራታ።

ገሰሰ፦ ፊቷ ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። መጀመሪያ ልምምድ! (እጁን ዘርግቶ) «ዕፀዬ፣ ያላንቺ እኔ ቁልፍ የሌለው ኮት ነኝ!»

ጉዲና፦ ሳቅ ሰማሁ።

ገሰሰ፦ በራሷ መልክ ነው። ቆንጆ ሰው መልኩን ሲያይ ደስ ይለዋል።

ጉዲና፦ ላንተስ ምን ይታይሃል?

ገሰሰ፦ (ጠጋ ብሎ) እ... እኔው ራሴ። ከኋላዬ ያንተ ካውያ። እሷ ጥላዋ ብቻ።

ጉዲና፦ ከውስጥ መስኮት ነው አላልክም?

ገሰሰ፦ የላስቲኩ ጥራት ነው! በሁለቱም ወገን መስታወት ከሆነ፣ እጥፍ ተደበቅን ማለት ነው።

ጉዲና፦ እኔ ግን የሚታየው ብርሃን ውስጥ ያለ ሰው ይመስለኛል። ፀሐይ ሲወጣ እነሱ፤ ዛሬ ደግሞ እኛ። ቆይ፣ መብራቱን ላጥፋው።

ገሰሰ፦ እንዳትነካ! ልምምዴን...

(ጉዲና ያጠፋዋል። ውጭው ወለል ብሎ ይታያል፦ ዕፀገነት፣ ከኋላዋም ጃንጥላ የያዘ ግማሽ ሰፈር። መስኮቱ ላይ በሊፕስቲክ ተጽፏል።)

ገሰሰ፦ (ኩምሽሽ ብሎ) ወይኔ ጉዴ! ከመቼ ጀምረው ነው የቆሙት?

ጉዲና፦ ከኮቱ በፊት ሳይሆን አይቀርም።

ገሰሰ፦ ምን ብላ ነው የጻፈችው? ለነገሩ ከውጭ ስለተጻፈ ለእኛ ተገልብጦ ነው የሚታየን።

ጉዲና፦ ኧረ ቀጥ ብሎ ይነበባል። እንድናነበው ብላ እሷ ናት ገልብጣ የጻፈችው።

ገሰሰ፦ በል አንብብልኝ፣ እኔ ቀና ብዬ ማየት አልችልም።

ጉዲና፦ «ቅዳሜ ሳይደርስ ሽማግሌ ላክ።»

ገሰሰ፦ (ዘሎ ይነሳል) አላልኩህም! ፊዚክስ ማለት ይሄ ነው!

ጉዲና፦ ቆይ፣ ከሥሩም አለ። «ሽማግሌው ጉዲና ይሁን። አንተ ምንም እንዳትናገር።»