የአቶ አራጌ ገንዳ

አቶ አራጌ ጎሕ ሲቀድ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ውሃ ውስጥ ይነክራሉ። ዓሣቸውን በስንዝር ይለካሉ። ከዚያ ቀና ብለው ለሰፈሩ ያውጃሉ፦ «አድጓል!»

በየከተማው የሌላውን ሰው ዕቃ ልክ ከባለቤቱ አብልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ከተማ ለመካነ ሰላም የደረሱን ክቡር አቶ አራጌ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ። አልጋ ብታሠራ፣ በር ብታስገጥም፣ ሳይጠሩ መጥተው ዙሪያውን ያዩና ይጠይቃሉ፦ «መዞሪያ አለው?» የለውም። መዞሪያ ያለው ነገር አጋጥሟቸው አያውቅም። ጎረቤታችን ብዙዬ ልጁን ሲድር የሙሽሮቹን ጎጆ አይተው «ሲጣሉ በየት በኩል ይዞራሉ?» ብለው ሠርገኛውን አሳቁ፤ ብዙዬን አስቀየሙ።

ዓሣው አምባዛ ነው። አንድ ነጋዴ ከዓባይ በቅል ሲያመጣላቸው ጣት ያህል ነበር። መጀመሪያ በገንቦ፣ ኋላ በበርሜል አኖሩት።

«በበርሜሉ ልክ ያድግ የለ፤ ምን አስጨነቀዎ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አንተ ሰው! ጫማ ጠበበ ተብሎ እግር ማደጉን ይተዋል? ይጎብጣል እንጂ! የዓሣ ቤት ዛሬ ላለው አይሠራም፤ ነገ ለሚሆነው ነው። የቤቱ ርዝመት የዓሣውን ቁመት ሦስት እጥፍ፣ ወርዱም ከዓሣው ቁመት የማያንስ። ጅራቱ ግድግዳ ሳይነካ ይዙር።»

ጓሯቸው ውስጥ የቆርቆሮውን ዝናብ የሚቀበል የድንጋይ ገንዳ ገነቡለት። መኝታ ቤታቸው ከገንዳው ያንሳል። ሚስታቸው እትዬ ይታይሽ «እኔም ጅራት ባበቅል ሳሎን ይሠራልኝ ነበር» ይሉ ነበር።

1966 ዓ.ም. መጣ። ዝናቡ ደጋግሞ ቀርቷል። ሬዲዮው ስለ አብዮት ያወራል፤ ከቆላ እየወጣ በየመንገዱ የሚወድቀው ሰው ግን ሬዲዮ የለውም። ከተማችን የደረሱትን አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አጎሯቸው። አቶ አራጌ ሄደው አዩና ለመጋዘኑ ኃላፊ «መዞሪያ የለውም» አሉት።

«አባባ፣ መዞር የሚችል ሰውም የለም» አላቸው።



አቶ አራጌ ዘይነባ የምትባል ከከላላ የመጣች ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ከመጋዘኑ አውጥተው ቤታቸው አስገቡ። ወንዱ ልጅ፣ አህመድ፣ የእርዳታውን ስንዴ ሆዱ አልይዝለት ብሎ አጥንቱ ቀርቷል። ብዙዬ ቂሙን ትቶ ትንሽ የበግ ሥጋ ላከ። ዘይነባ አየችውና አንገቷን ደፋች።

«አላህ ይስጥልኝ፣ አባባ። የክርስቲያን እርድ ነው።»

አቶ አራጌ ሥጋውን መልሰው ከደኑት። በኋላ «ዓሣስ? ዓሣ ማን ያርደዋል?» አሉ።

«ዓሣ እርድ የለው። ቢስሚላህ ብሎ መብላት ነው» አለች። ጓሮ ያለውን ገንዳ ገና አላየችውም፤ ዓሣ የለመነች አልመሰላትም።

አምባዛ ቅርፊት የለውምና እሳቸው በሃይማኖታቸው አይቀምሱትም። በማግሥቱ ክንዳቸውን ነከሩ፤ የወትሮውን አዋጅ ግን አልሰማንም። ዓሣውን ራሳቸው አወጡት። እትዬ ይታይሽ እንደነገሩኝ፣ ቢላዋውን ለዘይነባ ሰጥተው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ዘይነባና ልጆቿ እንዲያድሩበት ገንዳው ውስጥ የቀረችውን ውሃ ለቤት ቀዱ፤ ገንዳውን አደረቁት፤ የሰሌን ጣሪያ አለበሱት። ዝናብ ቢመጣ እንዳይሞላው አሸንዳውን ወደ ውጭ መለሱት። ባለ ልኩ አቶ አራጌ እንደ ልማዳቸው ገብተው በጀርባቸው ተጋደሙና በሁለቱም ጎን ተገላበጡ። «ለሦስት ሰው ይሆናል» ብለው ወጡ። እኔ እሳቸውን ሳይ መንገድ የምለውጥ ሰው ነበርኩ፤ ያን ዕለት ሳይጠሩኝ ጭድ ተሸክሜ ሄድኩ።

አህመድ የዓሣውን መረቅ ጠጣ፤ ሆዱም ያዘለት። ተነሥቶ እህቱን ሩቂያን ሲያባርር አይተነዋል። ክረምቱ ሲገባ ግን ብርዱ ደረቱን ያዘው፤ አንድ ሌሊት ሳይነጋ ሞተ። አቶ አራጌ እስከ መቃብሩ ሸኙት፤ ሲቆፈር ግን ልኩን ላለማየት ዘወር ብለው ቆሙ።

መስከረም ሲጠባ ዘይነባ ሩቂያን አዝላ በእግሯ ወደ ከላላ ተመለሰች።