የንጉሡ ፈረስ የት ነበር?

ጀግና በተረት ውስጥ ሁልጊዜ ፈረስ ላይ ነው የሚገኘው። ገብሱን ማን አበላ፣ የጌጥ ልብሱን ግላስ ማን ሰፋ፣ ፋንድያውን ማን ጠረገ ብሎ የሚጠይቅ አንድም አድማጭ አይገኝም። ፈረሱ ራሱ ተለጉሞ፣ ራሱ ተጭኖ፣ «ጌታዬ፣ ውጣብኝ» ብሎ የመጣ ይመስላችኋል። እኔ የፈረሰኛ ልጅ፣ የፈረሰኛ እህት፣ የፈረሰኛም ሚስት ነኝ። ጀግንነትን የማውቀው ከአካፋው በኩል ነው።

ይህን የሚያስወራኝ የታላቅ እህቴ ልጅ ትዕግስት ያመጣችው ተረት ነው። ትዕግስት ቆሰበር ታስተምራለች፤ እናንተ እንጅባራ የምትሉትን ማለቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚኒባስ ወርዳ የዘንገናን ዳገት በእግሯ ትመጣና፣ እኔ ገብስ ሳበጥር ያነበበችውን ታወራልኛለች። ሰሞኑን የያዘችው ደግሞ የአንድ የፈረንጅ ንጉሥና የፈረሰኞቹን ታሪክ ነው። «ድሮ በወንዶቹ በኩል ነበር የሚተረከው፤ አሁን በሴቶቹ በኩል እንደገና እየጻፉት ነው» አለችኝ።

«እስከ ዛሬ ሴቶቹ የት ሄደው ነው?»

«የትም አልሄዱም አክስቴ። ጓዳ ነበሩ።»

ስማቸው ለምላሴ አይመችም፤ ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ወዳጁ ብላችሁ ይበቃችኋል። ንጉሡ ድንጋይ ላይ የተሰካ ሰይፍ ነቅሎ ነገሠ። ሌላ ሰይፍ ደግሞ ሴት ከሐይቅ ውስጥ እጇን አውጥታ ሰጠችው። እኔ ዘንገና ዳር ስላደግሁ ከሐይቅ እጅ መውጣቱ አልገረመኝም፤ የገረመኝ ሰጥታ ዝም ብላ መመለሷ ነው። የሐይቅ ብርድ እንዴት አጥንት እንደሚሰብር እኔ አውቃለሁ። ሰይፉ እንዳይዝግ ስትወለውል የኖረችን ሴት «ነይ ውጪ፣ እሳት ሙቂ» የሚላት አንድ ወንድ ጠፋ። የንጉሡን መድኃኒት አዋቂ እህት ደግሞ ጠንቋይ አሏት፤ ሲቆስሉ የሚሮጡት ግን ወደ እሷ ነው። ፈረሰኞቹ ማንም ከማንም እንዳይበልጥ ክብ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡ ነበር አሉ፤ ጠረጴዛው የመጣው ከንግሥቲቱ አባት ቤት ነው። ጠረጴዛዋ ገባ፣ እሷ መቀመጫ አጣች።

ሙሽራይቱን ከአባቷ ቤት እንዲያመጣለት ንጉሡ የላከው የልብ ወዳጁን ነበር። ኋላ ንግሥቲቱ ከዚሁ ወዳጅ ጋር ታማች፣ በእሳት ትቃጠል ተባለ። እዚህ ላይ ሰፌዱን አስቀመጥሁ።

«ምን አለች?» አልሁ።

«ማን?»

«ሴትዮዋ ናታ።»

ትዕግስት አሰበች፣ አሰበችና፣ «ማንም የጠየቃት አይመስለኝም» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ ሰፌዴን አነሳ ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቅሁም፤ በማግስቱ በወንድሜ ደጅ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነበርና።

ጉዳዩ የወንድሜ ልጅ የእንጉዳይ ነው። ባሏ ደሳለኝ በሰፈራችን ስመ ጥር ጋላቢ ነው፤ ዳማ ፈረሱን ሲያስጌጥ ያየ ሰው ሙሽራ የሚድር ይመስለዋል። የልብ ወዳጁ ምናለ ደግሞ ሚዜው ነበር። በእኛ አገር ሚዜ ፎቶ ላይ ቆሞ የሚስቅ ሰው አይደለም። ሙሽራይቱን አፈናጥጦ ከአባቷ ቤት የሚያመጣት፣ እህቴ ናት ብሎ የሚምልላት፣ ባል ሲያስከፋት የምትከስለት ወንድሟ ነው።

ታላቁ የፈረስ በዓል ሲቃረብ እንጉዳይ ሆዷን ይዛ ወደቀች። ኔትወርክ እንደ ልማዱ የለም፤ ባጃጅ በእኛ የእግር መንገድ አይገባም። ምናለ ፈረሱ ላይ አፈናጥጦ ቆሰበር አደረሳት። ትርፍ አንጀት ነው ተባለ፣ ሆዷ ተቀደደ፣ ዳነች። ዳነች ስላችሁ ከሕመሙ ነው። የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ ሙሉ ሰው አይቷታል። «ወገቡን አቅፋ፣ ራሷን ጀርባው ላይ ጥላ» የሚለው ወሬ ከዳንግላ ጥሊሊ ሲዳረስ ሚኒባስ አላስፈለገውም።

ደሳለኝ ወሬውን ሰማና የሆዷ ስፌት እንኳ ሳይሽር ወደ አባቷ ቤት መለሳት። ሽማግሌዎቹ ጥፋተኛ ናት ካሉ፣ ካለማችው ቤትና ከብት አንዲት ጥጃ ሳትይዝ ባዶ እጇን ትቀራለች። ምናለም አገር ይለቃል። ካለቀቀ ደም ነው፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ በወንድሜ ደጅ ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ። በቀኝ ደሳለኝና ወንድሞቹ፣ በግራ ምናለና ወንድሞቹ። ዱላ ለመደገፊያ ነው ይላሉ፤ ያን ዕለት ግን አንድም ሰው አልተደገፈውም። እንጉዳይ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ ናት፤ ስለ እሷ የሚናገረው አባቷ ነው። ወንድሜ ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት አለ፣ ግን ሲደነግጥ ከሞተ ሰው አይሻልም፤ «ልጄ ጨዋ ናት» ከማለት ሌላ ቃል አጣ። እኔም ጠዋት ለብቻዋ ይዤ ጠይቄያት ነበር። «አሞኝ ነዋ እትዬ የሄድሁት» አለችኝና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ከምላሷ ሥር አንድ ነገር እንዳለ አወቅሁ፤ ማውጣት ግን አልቻልሁም።

«አገር ያየውን እኔ ልሸፍነው?» አለ ደሳለኝ። «ብትምልም አልቀበላት።»

ዋናው ሽማግሌ አያ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኒህን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ፤ ጉሮሮ ከጠረጉ ፍርድ ነው፣ ከፈረዱ ደግሞ እግዜርም ይግባኝ አይሰማ። የጠላ ማድጋዬን አቅፌ መሐል ገባሁ።

«አያ ዘለቀ፣ ጉሮሮዎ ደርቋል። እስኪጠጡ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«አንቺ ጥሩ፣ ነገር ላይ ነን እኮ።»

«የእኔም ነገር ነው፤ የፈረንጅ ነው እንጂ።»

እየቀዳሁ ተረክሁላቸው። ሰይፉን፣ ሐይቁን፣ ጠረጴዛውን ነገርሁ። ንግሥቲቱ ላይ ስደርስ ትንሽ ጨመርሁ፤ ታማ ወዳጁ ፈረሱ ላይ አፈናጥጦ ሲወስዳት አገር አያት አልሁ። ተረት ካልተነካካ አይጥምም።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር፦ «ከዚያስ ምን አለች?» ብለው እንዲጠይቁኝ፤ እኔም «ማንም አልጠየቃትም» እንድል፤ እነሱም አፍረው በሩን እንዲያዩ። ያማረ ሐሳብ ነበር። ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ቢተው ናቸው። አያ ቢተው ጥርሳቸው ካለቀ ቆይቷል፤ የፈረስ ወሬ ሲመጣ ግን ሲያኝኩ ታዩአቸዋላችሁ።

«ፈረሱ መልኩ ምንድን ነው?» አሉ።

«ነጭ» አልሁ። ምን አውቄ።

«እርካቡ የብር ነው የብረት?»

ሴት ልትቃጠል እሳት ተቆስቁሶ ሰውዬው እርካብ ይጠይቃሉ። ማድጋውን ራሳቸው ላይ ልደፋው ምንም አልቀረኝ። አያ ዘለቀ ግን ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ከአባቷ ቤት ያመጣት ሚዜዋ አይደለም እንዴ? ሚዜ በምን ይታማል?»

ደሳለኝ ይህን ሲሰማ ብድግ አለ። «ይቺ ሴትዮ የምታወራው ስለ እኔ ነው» አለ። ወንድሞቹ ተነሡ። የምናለም ወንድሞች ተነሡ። እኔ ከነማድጋዬ መሐል ቀረሁ፤ ጠላው ሲናወጥ ደረቴ ላይ ይሰማኛል።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነገሥህ?» አልሁት። «ተቀመጥ የኔ ልጅ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። የሳቀው ሰው ባይስቅ ይሻል ነበር። ዱላዎቹ ከመሬት ለቀቁ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አያ ቢተው፤ ሁሉም መቆሙን ያዩም አልመሰሉ። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የንጉሡ ፈረስ የት ነበር?»

«የትኛው ፈረስ አያ ቢተው?» አልሁ ጥርሴን ነክሼ።

«ንጉሥ ፈረስ የለውም? ሚስቱ በወዳጁ ፈረስ ስትሄድ የሱ የት ቆሞ ነበር?»

ትዕግስት ይህን አልነገረችኝም።

«ጋጣ» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ዞርን። እንጉዳይ በሩ ላይ ቆማለች፣ በአንድ እጇ ስፌቷን ይዛ።

«ጋጣ ነበር አያ ቢተው። ገብስ ይበላ ነበር።»

«የንጉሡ?»

«የደሳለኝ።»

ያ ሁሉ ሰው ወደ ደሳለኝ ዞረ። እንጉዳይ ግን ከጀመረች አላቆመችም። «ዳማውን ጫንልኝ ብዬ ለመንሁት። 'ለበዓሉ እያሳረፍሁት ነው፣ ወገቡ ይጎዳብኛል፣ ቁርጠት ነው ያልፍልሻል' አለኝ። ጩኸቴ ሲበዛበት ምናለን ሄዶ የጠራው ራሱ ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም?» አሉ አያ ዘለቀ።

«ባሌ ከፈረስ አሳነሰኝ ብዬ ለማን ላውራ? ከመታማቱ ይህ ባሰብኝ።»

ወደ ምናለ ዞሩ። «አንተስ?»

«ወዳጄ ነው» አለ ምናለ፣ አቀርቅሮ። «ሚስቱን ለፈረሱ ሲል ነፈገ ላስብለው?»

ደሳለኝን ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ ተናገረ። «ቁርጠት መስሎኝ ነው» አለ፤ ድምፁ የሕፃን ሆነ። «ወሬው ሲመጣ እኔ ነኝ የላክሁት ብል… ይህንኑ እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ ነው። የአንተስ ፈረስ የት ነበር እንዳይሉኝ።»

ወንድሞቹ አንድ በአንድ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ዱላ መደገፊያ የሆነው።

ዋናው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ አያ ቢተው ፈረዱ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል» አሉ፣ ደሳለኝን ከላይ እስከ ታች እያዩ። «የአንተው ማድረስም አቃተው።» ከዚያ ዳማው በሙሉ የበዓል ጌጡ ይምጣ፣ እሷ ትቀመጥበት፣ ባሏም በእግሩ እየሳበ ከአባቷ ደጅ እስከ ቤቷ ይውሰዳት ተባለ።

ይሄኔ አያ ዘለቀ፣ እግዜር ያክብራቸውና፣ ወደ በሩ ዞረው፣ «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» አሉ።

«ልጓሙን እኔ እይዛለሁ» አለች። «መጀመሪያ ባሏን ያልከለከለችኝን የምናለን ሚስት አመስግኜ አልፋለሁ። ከዚያ ወዴት እንደምሄድ ፈረሱ ላይ ሆኜ አስባለሁ።»

ሄደች። ግላሱ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ፣ ደሳለኝ ከኋላ አቧራውን እየበላ። መንታ መንገዱ ላይ ፈረሱን አቁማ ቆየች፤ እንዴት ቆየች መሰላችሁ፣ አንገቴን አስግጌ ሳይ ማድጋውን መሬት ማስቀመጥ ረሳሁ። ኋላ ወደ ቤቷ መለሰችው። ዳማው ደክሞት ነው መሰል በበዓሉ ግልቢያ ከመሐል በታች ገባ፤ ደሳለኝ አሁንም ለዚህ እኔን ነው የሚወቅሰኝ።

ለትዕግስት ስነግራት፣ «አክስቴ፣ በመጽሐፉ እኮ ንግሥቲቱ መጨረሻዋ ገዳም ነው» አለችኝ። ይሁና። አያ ቢተው እዚያ አልነበሩም። እኔ ወንዶቹ ስለ ሴቲቱ እንዲጠይቁ ስደክም፣ ሰውዬው ስለ ፈረስ ጠይቀው ሴቲቱን አገኟት። በየት በኩል እንደሚደርሱ አይታወቅም፤ ይድረሱ ብቻ።

አሁን ዳማውን ገብስ የሚያበላው፣ ፋንድያውንም የሚጠርገው ደሳለኝ ራሱ ነው። እንጉዳይ ስፌቷ እስኪሽር ጎንበስ ማለት አትችልም አሉ። ስፌቷ ከሻረ ቆይቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ለደሳለኝ ግን አልነገርሁትም።

ማንም አልጠየቀኝማ።